ለቃሚ ያጣ ቀይ ቡና

ከጅማ ስመለስ የሰፈሬ ሰው ሁሉ የጠየቀኝ ስለ ማር ነው። «ማር አመጣሽልን ወይ?» ይሉኛል። ማር አላመጣሁም። ይዤ የተመለስኩት ንዴት ነው፤ እስከ ዛሬም አልበረደልኝም። ወደዚያ አገር የመሄድ ዕድል ላልገጠማችሁ ሁሉ ያየሁትን ከመነሻው ጀምሬ በተራ ልንገራችሁ።

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ፣ ቡና እየገዛ ወደ ውጭ በሚልክ ድርጅት የግዢ ክፍል ነው። በዚያ ዓመት ከጅማ ዙሪያ ይመጣል ብለን የጠበቅነው የታጠበ ቡና ኅዳር ተጋምሶም አልመጣም። ዝናቡ ጥሩ ነበር፣ ዛፉም ደህና አፍርቷል ተብሎ ነበር። ሥራ አስኪያጃችን ነገሩን በአንድ ቃል ዘጋው፤ ገበሬው ሰንፏል አለ። እኔን የላከኝም ስንፍናውን በዓይኔ አይቼ እንድነግረው ነው።

የመጀመሪያው ቀን

ጎህ ሲቀድ ከአውቶቡስ ተራ ተነሳን። ወልቂጤ ላይ ቁርስ ቢጤ ቀማምሰን ወደ ግቤ ቁልቁለቱን ስንያያዘው ጎማ ፈነዳ። ተቀያሪው ጎማ ደግሞ ለካ ነፋስ አልነበረውም። ረዳቱ ሾፌሩን ይወቅሳል፣ ሾፌሩ ረዳቱን። እኛ ከአንዲት ግራር ሥር ተሰብስበን ተቀመጥን። የግቤን ሙቀት የማያውቅ ሰው እኛ ሰፈር ኮልፌ በሚያዝያ የሚሰማንን ሙቀት ሙቀት ይለዋል። ልብሴ ሰውነቴ ላይ ተጣበቀ። አጠገቤ የነበረች የወሊሶ ሴት ዳቦና ሙዝ አካፈለችኝ፤ እሷ ባትኖር በረሃብ መዋሌ ነበር።

ከብዙ ቆይታ በኋላ ከጅማ በኩል የሚመጣ አውቶቡስ ጎማ ሊያበድረን ቆመ። ተሳፋሪዎቹ ሲወርዱ በዚያ ሁሉ ሙቀት ጋቢ ተከናንበው የሚንቀጠቀጡ ወጣቶች አየሁ። አንዱ መሬት ላይ ተቀምጦ ራሱን በጉልበቱ መሀል ቀበረ። የወሊሶዋ ሴት ጠጋ ብላ ውኃ ሰጠችውና ከየት እንደሚመጡ ጠየቀችው። የሆሳዕና አካባቢ ልጆች ናቸው። ለቡና ለቀማ ሄደው ወባ ስለያዛቸው የሠሩትን ትተው ወደ አገራቸው እየተመለሱ ነበር። ያን ጊዜ አዘንኩላቸው እንጂ ከመጣሁበት ጉዳይ ጋር አላያያዝኩትም።

ጅማ የገባነው ሊመሽ ሲል ነው። ከመናኸሪያው በባጃጅ ጊንጆ ሰፈር፣ እትዬ ጽጌ ቤት ሄድኩ። እትዬ ጽጌ የሥራ ባልደረባዬ እህት ናት። ባሏ የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ ሲዛወር ከሸዋ አብራው መጥታ እዚያው የቀረች፣ ዕድሜዋን ሙሉ ስታስተምር ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ጎመን በአይብ አቀረበችልኝ፤ ቀጥሎም እኛ ሰፈር አንዱን ለሦስት ሰው የሚያካፍሉትን የሚያህል አቮካዶ ለብቻዬ ሰጠችኝ። ከዚያ የራሷን አልጋ ለቀቀችልኝ። አጎበሩን በየጠርዙ ፍራሹ ሥር እያስገባች፣ ስታስተምር በኅዳር ወር ክፍሏ ግማሹ ባዶ ይሆን እንደነበር ነገረችኝ። ልጆቹ ወይ ታመው ተኝተዋል፣ ወይ በታመመ ወላጃቸው ፋንታ ቡና እየለቀሙ ነው። «ጎበዝ ጎበዞቹ ናቸው የሚቀሩት» አለች። «በየዓመቱ አዲስ ነገር የማስተምር እየመሰለኝ ያው ያለፈውን እደግም ነበር።»

የእኔ ልጆች ከትምህርት የሚቀሩት ለሠርግና ለክርስትና ነው። ተሸፋፍኜ ስተኛ ይህን አሰብኩ።

ሁለተኛው ቀን

ጠዋት የተከራየሁት ፒካፕ መጣ። ሾፌሩ መሐመድ ይባላል፤ እዚያው ጅማ፣ አወቱ መንደራ ሰፈር ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛውን በኦሮምኛ እያጣፈጠ የሚያወራ ደግ ሰው ነው። መጀመሪያ የሄድነው ከጅማ ወጣ ብላ ወዳለችው ከተማ፣ ሰርቦ ነው። እዚያ ለእኛ ቡና የሚያቀርቡ ሐጂ ነስሩ የሚባሉ ነጋዴ አሉ።

ግቢያቸው ስንገባ የማድረቂያ አልጋዎቹ ላይ ዶሮዎች ይንሸራሸራሉ። ሚዛኑ ተሰቅሎ ባዶውን ይወዛወዛል። በዚያ ወር ያ ግቢ ሰው የማያሳልፍ መሆን ነበረበት። ሐጂ ግን ስለ ቡና ከመናገራቸው በፊት ምሳ ካልበላችሁ ብለው ያዙን። ሥጋው እስኪበስል ስለ ልጆቼ፣ ስለ አዲስ አበባ ኪራይ፣ ስለ መንገዱ ጠየቁኝ። በሰርቦ ወግ እንግዳን ሥራ ከማናገር በፊት ማጥገብ ይቀድማል፤ በእኛ መሥሪያ ቤት እሳቸው ሲመጡ ግን ወንበር እንኳ የሚስብላቸው የለም።

ከምሳ በኋላ ለምን ቡናው እንደቀረ ጠየቅኳቸው።

«ቡናው የትም አልሄደም፣ ዛፉ ላይ ነው» አሉ። «የተኛው ሰውየው ነው። ዘንድሮ ቡሳው ዋላሂ ክፉ ነው።»

ቡሳ የሚሉት ወባን ነው። ይህን ለድርጅታችን በስልክ ተናግረው እንደነበር ገለጹልኝ። ማን እንዳነሳው ስጠይቃቸው ሥራ አስኪያጁ ራሱ ነው አሉ። አውቆ ነው የላከኝ ማለት ነው። አመሻሹ ላይ ወደ ጅማ ተመለስን።

ሦስተኛው ቀን

በአጋሮ በኩል አልፈን ከዋናው መንገድ ወጣ ወዳለች አንዲት ቀበሌ ሄድን። ስሟን የማልጠራው እዚያ ያሉ ሰዎች በእኔ ምክንያት ጥያቄ እንዳይበዛባቸው ነው። የማርፈው ሐጂ ነስሩ በጠቆሙኝ በአባ ራያ ዘንድ ነበር። አባ ራያ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ከልጃቸው ከጀማልና ከምራታቸው ከዘይነባ ጋር የሚኖሩ የቡና ገበሬ ናቸው።

ከመኪናው እንደወረድኩ ጭቃው አንሸራቶ ዘረጋኝ። ተረከዝ ያለው ጫማ አድርጌ ነበር፤ አንዱ ተረከዝ እዚያው ጭቃው ውስጥ ቀረ። ዘይነባ ከጓሮ እየሮጠች መጥታ አነሳችኝ። ሳቋን ለመደበቅ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ውኃ አፈሰሰችልኝ፤ ከዚያ የላስቲክ ጫማዋን አውልቃ ሰጠችኝ። አንቺስ ብላት ምድሩ ያውቀኛል አለች። በዚያ ሁኔታዋ ባዶ እግሯን መሄዷ አሳቀቀኝ፤ ነፍሰ ጡር ነበረች፣ ገፍታለች።

አባ ራያ ይዘውኝ ወደ ቡናው ገቡ። እኔ ዕድሜዬን በቡና የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ግን የማውቀው በጆንያ የተሰፋውን ነው። እዚያ ከጥላው ዛፍ ሥር ቅርንጫፉ ከፍሬው ብዛት ጎብጧል። ቀዩ ደም መስሏል። ከቀዩ መሀል ጊዜው አልፎ የጠቆረ አለ፤ ሥሩ ደግሞ የረገፈው መሬቱን አልብሶታል። ስንራመድ ከእግራችን ሥር ይፈነዳል። ላለመርገጥ ብሞክርም መንገድ አልነበረም።

ጀማል ከአንዱ ዛፍ ሥር ነበር። ትኩሳቱ ከለቀቀው ገና ጥቂት ቀኑ ነው። ትንሽ ይለቅማል፣ ይቀመጣል፣ ተነስቶ ደግሞ ይለቅማል። ሰላም ሲለኝ እጁ ቀዝቃዛና በላብ የራሰ ነበር።

«ሁለቱ በአንድ ወር ነው የሚመጡት» አሉኝ አባ ራያ። «ቡናው ሲቀላ ቡሳው ይነሳል። ዓመቱን ሙሉ ደህና ነን፤ በዚህች ወር ግን እንተኛለን። የዓመቱ እንጀራችን ደግሞ ያለው በዚህችው ወር ነው፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ።»

ጤና ኬላ የላችሁም ወይ ብዬ ጠየቅኩ። አለ አሉና ወስደው አሳዩኝ። አዲስ ቆርቆሮ የለበሰ፣ ቀለሙ ያልደበዘዘ ቤት ነው። በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ሠራተኛዋ ደግ ልጅ መሆኗን፣ ነገር ግን ወረዳ ለግምገማ ተጠርታ ከሄደች መሰንበቷን ነገሩኝ። ብትኖርም መድኃኒቱ አልቋል። አጎበር ይታደላል መባሉን ሰምተዋል፤ ሲታደል ግን አላዩም። እኔ ኮልፌ ትንሽ ቢያተኩሰኝ ነጠላዬን ጣል አድርጌ ማዶ ያለው መድኃኒት ቤት እሻገራለሁ፤ ፋርማሲስቱ በስሜ ነው የሚጠራኝ። እዚህ ግን የአገሪቱን ዶላር የሚያመጣው ሰው የተቆለፈ በር ዓይቶ ይመለሳል። የግምገማውን ቀን የቆረጠው ሰው በኅዳር ወር እዚያ ምን እንደሚሆን አያውቅም ብዬ ለማመን ሞከርኩ። አልቻልኩም።

ማታ ዘይነባ ጎደሬ ቅቅል በዳጣ አቀረበች፤ ለእኔ ብላ እንቁላልም ጠበሰች። ራሷ ግን አልበላችም። ሲበርዳት አይቼ ጠየቅኳት፤ ድካም ነው አለችኝ።

አራተኛው ቀን

ጠዋት ለድርጅታችን ቡና የሚያቀርበው የመፈልፈያ ጣቢያ ኃላፊ፣ አቶ ግርማ መጣ። የጣቢያው መኪና ተበላሽቶ ስለቆመ የእኔን ፒካፕ ለአንድ ቀን እንዳውሰው ለመነኝ። ቀይ ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ይበላሻል፤ ይህን እኔም አውቃለሁ። እሺ አልኩ። ጎረቤቱም ይህን ሲሰማ መኪና ተገኘ ብሎ ተጠራርቶ ወጣ። መቆም የቻለ ሁሉ ለቀመ። ዘይነባም ወጣች። አባ ራያ እንድትተኛ ቢነግሯትም መኪና ነገ አይገኝም ብላ ቅርጫቷን ወገቧ ላይ አሰረች።

ከቀትር በኋላ ፒካፑ በጆንያ ሞልቶ፣ ሸራ ለብሶ፣ ሊነሳ ሲል ጀማል ሲጮህ ሰማን። ዘይነባ ዛፉ ሥር ወድቃለች። ስደርስ ዓይኗ ተገልጧል፤ ግን እኔን በእናቷ ስም ጠራችኝ። ሰውነቷ እሳት ነው። ጀማል በዚያ በደከመ ጉልበቱ ተሸክሟት መንገዱ ዳር ድረስ አመጣትና አብሯት ተቀመጠ።

ያለው መኪና ያ ብቻ ነበር። ጋቢና ውስጥ ልትቀመጥ አትችልም፣ ራሷን አታውቅም። መተኛት አለባት። መሐመድን ቡናውን አውርድ አልኩት።

አቶ ግርማ መሀል ገባ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ላብ በላብ ሆኗል። «ወይዘሮ ሮማን፣ እባክዎ፣ ይሄ ቡና ዛሬ ካልገባ ይኮመጥጣል። እኔን ከሥራ ያባርሩኛል። አድርሶት ይመለስ፣ ከዚያ ይውሰዳት» አለ።

«አድርሶ እስኪመለስ ብትሞትስ?»

ዞር ብሎ የባለ ጆንያዎቹን ፊት ማየት ጀመረ። ቡናው ገና አልተመዘነም ነበር። ያልተመዘነ ቡና የጣቢያው አይደለም፣ የገበሬው ነው፤ ከተበላሸም የሚከስረው ገበሬው ነው። ሁሉም ይህን ያውቃል። እኔ እዚያ ቆሜ የማላውቃቸውን ሰዎች የዓመት ልፋት ጣሉ ማለት አልቻልኩም።

ቀድሞ የተንቀሳቀሰው አንድ ጎረቤታቸው ነው። ሸራውን ፈትቶ የራሱን ጆንያ አወረደ። ከዚያ ሌላው ተከተለ፣ ሴቶቹም ገቡ። አቶ ግርማ ራሱን ይዞ ትንሽ ቆመና እሱም ማውረድ ጀመረ። አባ ራያ ምራታቸውን በጋቢያቸው ጠቅልለው መኪናው ላይ ሲያስተኟት ለሰዎቹ በኦሮምኛ የተናገሩት ነገር ነበር። ምን እንዳሉ በኋላ መሐመድን ጠየቅኩት። ይቅር በሉኝ ነው ያሉት አለኝ። ምን በደሉና ነው ይቅርታ የሚጠይቁት?

አጋሮ እስክንደርስ ከኋላ ራሷን ይዤላት ነበር። ሐኪም ቤቱ በሰው ተጨናንቋል፣ አንድ አልጋ ላይ ሁለት ሁለት ሆነው ተኝተዋል። ሠራተኞቹ ግን ወዲያው ተቀበሉን። አንዲት ነርስ ቆማ መዋሏ ከፊቷ እየታየ፣ የቆሸሸውን ልብሴን አይታ የራሷን ነጠላ አለበሰችኝ። አመሻሹ ላይ ሐኪሙ ጀማልን ለብቻው ወደ ጎን ወሰደው። ዘይነባ ትተርፋለች፤ ፅንሱ ግን አልተረፈም።

ጀማል ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። አባ ራያ ደጋግመው አልሐምዱሊላህ አሉ፤ ለእሷ ሕይወት ማለታቸው ነው። እኔ ማመስገን አቃተኝ። ወባ ምን እንደሆነ የማይታወቅ አዲስ መቅሠፍት አይደለም። ወሩ ይታወቃል፣ መድኃኒቱ ይታወቃል፣ ዋጋውም እኛ ለደንበኞቻችን ናሙና ከምንልክበት ወጪ ጋር ሲተያይ ከምንም አይቆጠርም።

አምስተኛው ቀን

ጅማ ውስጥ ለቡና አቅራቢዎች የተጠራ ስብሰባ ነበር። ሥራ አስኪያጃችን ለዚሁ ብሎ በአውሮፕላን መጥቷል። እኔ ጭቃው ያልለቀቀ የዘይነባን ላስቲክ ጫማ አድርጌ ከኋላ ተቀመጥኩ። የወረደውን ቡና ጠዋት መሐመድ ደውሎ አጣርቶ ነበር፤ ማታውን ሞቆ ኮምጥጧል። ሰዎቹ ፀሐይ ላይ አስጥተው በጀንፈል፣ ማለት ሳይፈለፈል በደረቀ ቡና ዋጋ፣ እሱም ከተገኘ፣ ሊሸጡት ነው።

መድረኩ ላይ ያለው ሰውዬ ምርቱ የቀነሰው በለቃሚው ዝቅተኛ የሥራ ባህል ምክንያት ነው አለ። መፍትሔው ስልጠና ነው አለ። ቡና የዕድገታችን የጀርባ አጥንት መሆኑን ደጋግሞ ተናገረ። ሥራ አስኪያጃችንም ተነስቶ ሐሳቡን ደገፈ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ ኬክና ለስላሳ ታደለ።

እጄን አወጣሁ። ያየሁትን ተናገርኩ፤ ሰዎቹ መተኛታቸውን፣ የጤና ኬላውን ቁልፍ፣ መሬት ላይ የረገፈውን ቡና። መቆም ያቃተውን ሰው የሥራ ባህል ብታስተምሩት ምን ያደርጋል፣ አገር በማን እጅ ነው የሚያድገው ብዬ ጠየቅኩ። ከኋላ ያሉ ጥቂት አቅራቢዎች ራሳቸውን ሲነቀንቁ አየሁ። ሰብሳቢው አስተያየቱን አመስግኖ ጤና የሚመለከተው ሌላ መሥሪያ ቤት ስለሆነ ወደ አጀንዳችን እንመለስ አለ። ተመለሱም።

ሥራ አስኪያጃችን በረንዳው ላይ ጠበቀኝ። «ሮማን፣ እኛ ነጋዴዎች ነን፣ ሐኪም ቤት አይደለንም» አለኝ። «ደግሞ በአንቺ ትእዛዝ መንገድ ላይ የተጣለው ቡና ምክንያቱ ምንድን ነው? ለድርጅቱ ባለቤት ምን ብዬ ልንገር?»

«ምክንያቱ ዘይነባ ትባላለች» አልኩት። «ስሟን ይንገሩልኝ።»

ትቶኝ ሄደ። ምንም ሊያደርገኝ ይችል እንደነበር አሁን ሳስበው ይታወቀኛል፤ ያን ጊዜ ግን አልፈራሁም።

ስድስተኛው ቀን

መሐመድ እስከ መናኸሪያው ድረስ ሸኘኝ፤ ላስቲክ ጫማውን ለዘይነባ እንዲመልስልኝ ሰጠሁትና ከገበያ የገዛሁትን አደረግኩ። እትዬ ጽጌ ለመንገድ ዳቦ ጋግራልኝ ነበር። በአውቶቡሱ ውስጥ ከጅማ የሚመለሱ ነጋዴዎች ስለ ቡና ዋጋ መናር ያወሩ ነበር። ዋጋው ለምን እንደናረ አልጠየቁም። እኔም ደክሞኝ ነበር፣ አልነገርኳቸውም። ግቤ ላይ መስኮት ክፈቱ ዝጉ እያሉ ተጣሉ። ቤቴ ስደርስ ልጄ በሩን ከፈተችልኝ፤ ሳልስማት በፊት ግንባሯን ዳሰስኩት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይህ ነው። ሥራዬን አላጣሁም፤ ግን ከግዢ ክፍል ወደ መዝገብ ቤት አዛወሩኝ። ለለቃሚዎች የሥራ ባህል ስልጠና መሰጠቱን ሰማሁ። በቅርቡ ደግሞ በዚያ አካባቢ ገበሬው ቡናውን እየነቀለ ጫት መትከሉ በቢሯችን መነጋገሪያ ሆኗል። የገንዘብ ስስት ነው ይላሉ።

አባ ራያ አጋሮ ከቴሌ ደወሉልኝ። ዘይነባ ድና ተነስታለች፤ ሰላም በሉልኝ ብላለች። ስለ ቡናው ስጠይቃቸው የታችኛውን ማሳ ነቅለው ጫት መትከላቸውን ነገሩኝ።

«ቡና ሲደርስ እኛ እንታመማለን፣ እሱም አይጠብቀንም» አሉ። «ጫት ይጠብቃል። ስንድን እንቆርጠዋለን።»

ያ ማሳ አባታቸው የተከሉት ነበር፤ በዚያ ሲያዞሩኝ ነግረውኛል። አላሳዘነዎትም ወይ አልኳቸው።

«ለልጅ ልጄ ብዬ ነበር ያቆየሁት» አሉኝ።